ከግራ የሚመጣው ቁራ

ወንድሜ አውቶቡስ ነጂ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ ስለ ጌም ሳወራ ሰው ሥራ ፈት መስሎት እንዳይንቀው ብዬ ነው። ጎህ ሳይቀድ ይነሳል። ሸሚዙን እኔ ከተኮስኩት በኋላ እንደገና ራሱ ይተኩሰዋል፤ ልብስ ሰፊ እህት እያለችው የእኔ አተኳኮስ አይጥመውም። ጫማውን ወልውሎ፣ ቁልፉን ቀበቶው ላይ አንጠልጥሎ ደረጃውን ሲወርድ ጎረቤቱ ሁሉ መንጋቱን ያውቃል። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ ኖሮ አንድ ሰው ገጭቶ አያውቅም። በዚህ ይኮራል፤ ሌላ የሚኮራበት ነገር ያለውም አይመስለኝም። አላገባም። ለምን ሲባል "ማን ላግባህ ብላኝ!" ብሎ ይስቃል፤ እውነቱን ግን እኔም እህቱ በደንብ አላውቀውም።

እኔ ታናሹ ነኝ። ባሌ ከሞተና ልጄ አግብታ ከወጣች በኋላ የስፌት መኪናዬን አሸክሜ እሱ ወደቀረበት ወደ ወላጆቻችን ቤት ተመለስኩ። ሳሎኑን ተካፍለነዋል። የመስኮቱ ወገን የእኔ ነው፤ መኪናዬ፣ ጨርቄ፣ ያልተከፈተ የደንበኛ ፌስታል። የግድግዳው ወገን የእሱ ነው፤ ቴሌቪዥኑ፣ የተጠላለፈ ገመድ፣ አንዲት ዝቅተኛ በርጩማ። ድንበር ባናሰምርም እንተዋወቃለን። መርፌዬ እሱ ወገን ከተገኘ ጭቅጭቅ ነው፤ ገመዱ እኔ ወገን ከተገኘ ደግሞ በመቀስ አስፈራራዋለሁ።

አመሉ ጌም ነው። አዲሱን ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ሰው የጣለውን፣ ልጆች አድገውበት አቧራ የጠጣውን የድሮ ጌም ማጫወቻ እየለቀመ ያመጣል። ካሴቶቹ በጫማ ካርቶን ተደርድረው አልጋው ሥር ናቸው። አንዱ አልነሳም ሲለው አፉን በጥጥና በአልኮል ይጠርግለታል፤ እኔ ስታመም እንኳ እንዲያ ተጠንቅቆ አስታሞኝ አያውቅም። ሌላው ወንድ ከሥራ ወጥቶ መጠጥ ቤት ሲገባ የእኔው ቤቱ ገብቶ ድመት ያዘልላል። በእጅ የምትያዝ ትንሽ ጌምም አለችው፤ እሷን ኪሱ ውስጥ ይዞ መጨረሻ ፌርማታ ላይ ተራው እስኪደርስ ይጫወትባታል። የሥራ ባልደረቦቹ "አባ ድመት" ነው የሚሉት። እሱም "አቤት" ይላል፤ ደስ ይለዋል መሰለኝ።

ድመት ያልኩት ቀልድ አይደለም። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ጌም ይኸው ነው፦ አንዲት ግራጫ ድመት ከጣሪያ ጣሪያ እየዘለለች ከተማውን አቋርጣ አንድ ማማ ላይ ትወጣለች። አለቀ። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ረግጠዋት ሳይጨርሱ የምትወድቅ አሸንዳ አለች፣ የሚገፋ ንፋስ አለ፣ መንገድ የሚጋርድ ጭስ አለ፣ ቁራም አለ። እሱ ይህን ሁሉ እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው። "ትልቅ ሰው ሆነህ ምኑ ነው የሚያስደስትህ?" አልኩት አንድ ጊዜ። ጆይስቲኩን ሳያስቀምጥ "አዲሶቹ ጌሞች ይቅር ይሉሻል" አለኝ። "ብትሳሳቺም ቀስ ብለው ያነሱሻል። የድሮዎቹ ግን ምሕረት የላቸውም። ከሞትሽ አንቺ ነሽ ያጠፋሽው፤ ሰበብ የለም።" እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ ሰበብ ፍለጋ ወራት የፈጀው።

ነገሩ የተጀመረው ባለ ትልቅ ጀርባው አሮጌ ቲቪያችን ጭስ ተፍቶ በሞተ ጊዜ ነው። ሐዘኑን ሳይ አንጀቴ አልቻለም። የአንዲት ሙሽራን ሙሉ ዘመድ አልብሼ ባገኘሁት ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ገዛሁለት። ትንሽ አልገዛሁም፤ የግድግዳውን ግማሽ የሚይዝ። ለእሱ ብቻ ነው ብል እዋሻለሁ፤ የእኔም ድራማ አለ። ሲያየው አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ "እቴ፣ ምነው ሲኒማ ቤቱን ተሸክመሽ መጣሽ?" ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። በማግሥቱ የድሮውን ማጫወቻ ከአዲሱ ቲቪ ጋር የምታገናኝ ነገር ፈልጎ አመጣ፣ በርጩማውን ሳበ፣ ተቀመጠ።

የጆይስቲኩ ገመድ አጭር ነው። ስለዚህ አፍንጫው መስታወቱን ሊነካ ምንም አይቀረውም።

"ወደ ኋላ በል እንጂ፣ ልትገባበት ነው እንዴ?"

"ገመዱ አይደርስማ።"

ድመቷ ተነሳች፣ ዘለለች፣ ጣሪያዎቹን አለፈች፣ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ደረሰች። ከዚያ ሞተች። ወንድሜ ሳቀ። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ሞተች። ሦስተኛው ላይ አልሳቀም። በሚቀጥለው ምሽትም፣ ከዚያ በኋላ ባለውም እንዲሁ። ያቺ ያለ ሥጋት ማማ ላይ ትወጣ የነበረች ድመት እዚያው ጣሪያ ላይ መሞት ልማዷ ሆነ።

በሳምንቱ ፍርዱን አመጣው። "ቲቪው ነው" አለኝ።

"ምን ሆነ ቲቪው?"

"ይዘገያል። አዲስ ቲቪ ለድሮ ጌም አይሆንም። እኔ ስጫን ምስሉ ቶሎ አይደርስም፤ በመሐል የዓይን ጥቅሻ ታህል ጊዜ ትጠፋለች። ድመቷ የምትሞተው እዚያች ላይ ነው። የሚያውቅ ሁሉ ይለዋል።"

የሚያውቁት እነማን እንደሆኑ አውቃለሁ። በስልክ ተሰባስበው ስለ ገመድና ስለ ካሴት የሚያወሩ፣ እንደ እሱ ያሉ ሰዎች ናቸው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች፤ ተረቱን በፊቱ ተረትኩበት። ስጦታዬ ነዋ የተሰደበው! እሱ ግን ማስረጃ ነበረው። ለትንሿ የእጅ ጌሙም የድመቷ ካሴት አለ፤ ከኪሱ አውጥቶ እዚያው ፊቴ ያንኑ ደረጃ አንድም ሳይስት ጨረሰው። "አየሽ? እጄ ደህና ነው። ሐሳቤ ደህና ነው። የተለወጠው ምንድነው? ቲቪው!" ከዚያ በኋላ ቲቪዬን በክፉ ዓይን ሲያይብኝ ሆዴ ይቆስል ነበር።

በዚያው ሰሞን ደግሞ ስለ እግረኛ ማማረር አበዛ። ድሮ ስለ መንገድ ብዙ የሚያወራ ሰው አልነበረም። አሁን እራት ላይ "የዘንድሮ ሰው ከመሬት ነው የሚበቅለው፤ ከየት እንደመጣ ሳታይ ፊትሽ ቆሞ ታገኚዋለሽ" ይላል። አንዲት እናት ልጇን ይዛ ስትሻገር ፍሬኑን ረግጦ መኪናው ውስጥ የቆመው ተሳፋሪ ሁሉ ተደራርቦ እንደነበር ነገረኝ፤ እሷን ነበር የሚራገመው። አንድ ቀን አውቶቡሱ የግራው መስተዋት ተሰብሮ ጋራዥ ገባ። ባልደረቦቹ "ምን ነካህ?" ሲሉት "የቆመ መኪና ገጨኝ" አላቸው አሉ፤ ይህን ሲስቁበት ከረሙ። እኔም ስቄያለሁ።

ወደ እኔ ጉድ ልመለስ። ስጦታዬ በሐሰት ተከሶ ዝም ብዬ የማይ ሴት አይደለሁም። እሱ ሥራ ሲሄድ ራሴ ተጫውቼ ያንን ደረጃ ካለፍኩ ክሱ ይወድቃል ብዬ አሰብኩ። ከዚህ በፊት ጆይስቲክ ነክቼ አላውቅም። የመጀመሪያ ቀን ድመቷን አንድ ጣሪያ እንኳ ማዝለል አቃተኝ፤ ገደል ለገደል ስትወድቅ ዋለች። ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ ይላል የአገሬ ሰው፤ እኔም ለድመቷ ይህን እየነገርኳት ቀጠልኩ። ቀን በቀን ጨርቁን ገፋ አድርጌ በርጩማዋ ላይ ቁጭ ነው። አንዲት ደንበኛዬ ሳታንኳኳ ገብታ ጆይስቲክ ጨብጬ፣ ምላሴን ወደ ጎን አውጥቼ አገኘችኝ።

"ቀሚሴስ?" አለችኝ።

"ክር ጠፍቶ ነው" አልኳት። ክሩ ከጎኔ ተከምሮ ነበር።

ለማንኛውም ለመድኩት። ጣት ስፌት የለመደ ስለሆነ መሰለኝ፤ መቼ መጫን እንዳለበት ቀስ እያለ ራሱ ያውቃል። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ስደርስ ድንጋዩንም ጡቡንም በቃሌ ያዝኩት። ሁሉም የተፈራውን ያህል አያስፈራም፤ አሸንዳዋ ግን ጭካኔዋ ለብቻው ነው። እግር እንዳረፈባት ካልተነሱ አለቀ። ቁራው ከሁሉም ይቀላል፤ ከኋላ፣ ከግራው ጠርዝ ብቅ ብሎ እየቀዘፈ በዝግታ ይመጣል። ሲመጣ አይቶ ጎንበስ ማለት ብቻ ነው። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ማማው ላይ ወጣሁ። በዚያው በተከሰሰው ቲቪ! ብቻዬን እልል አልኩ። "ይምጣ ብቻ" አልኩ፤ ሥራዬን ትቼ ምን ብዬ እንደማዋርደው ሳስብ ዋልኩ።

መጣ። ግን ብቻውን አልነበረም። ደረጃው ላይ ማቃሰት ሰማሁ፤ በሩን ብከፍት ወንድሜና የሰፈራችን ቴሌቪዥን ጠጋኝ አንድ ባለ ትልቅ ጀርባ አሮጌ ቲቪ በመሐላቸው ይዘው እየተንገዳገዱ ነው።

"ገለል በይ እህቴ፣ ወገቤ ከሄደ አይጠገንም!" አለ ጠጋኙ።

ትንሽ ናት፣ ግን እንደ ብረት ምጣድ የከበደች። ከቲቪዬ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጧት፣ ገመዱን ሰኩ፣ ወንድሜ ላቡን ሳይጠርግ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ድመቷ ጣሪያዎቹን አለፈች። አሸንዳዋን አለፈች። ቁራው ብቅ አለ፤ ወንድሜ ጎንበስ አደረጋት። ማማው ላይ ወጣች፤ በመጀመሪያው ሙከራ። ሁለቱ ጎረምሶች ነው የሆኑት፤ ተቃቀፉ፣ ዘለሉ፣ የታችኛው ቤት ሰዎች በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሳቸውን ደበደቡብን።

"አላልኩሽም? አላልኩሽም እቴ? ቲቪው ነው አላልኩም?"

አፌ ድረስ የመጣውን ዋጥኩት። ለምን እንደዋጥኩት ያኔ አላወቅኩም። ደስታውን ላለማበላሸት ይመስለኝ ነበር። ሻይ አፈላሁላቸው፣ ጠጋኙን አመስግኜ ሸኘሁት።

በማግሥቱ የዚያችን የደንበኛዬን ቀሚስ ስሰፋ ሐሳቡ አልለቀኝ አለ። ቲቪ ዘመድ አይመርጥም። ለእሱ የሚዘገይ ከሆነ ለእኔም ይዘገያል፤ እኔ ደግሞ በዚያው ቲቪ ላይ አልፌያለሁ፣ ያውም ጀማሪዋ። ደግሞስ ጥቅሻ ታህል ጊዜ የሚጠፋ ከሆነ መሞት ያለበት አሸንዳዋ ላይ ነበር፤ ጥቅሻ የማትሰጠው እሷ ናት። እሱ ግን አሸንዳዋን በትልቁም ቲቪ አንድ ቀን አልሳታትም። ከመስኮቱ ወገን ሆኜ ሲሞት ያየሁበትን ምሽት ሁሉ አንድ በአንድ አስታወስኩ። የሞተው ቁራው ላይ ነበር። ሁልጊዜ ቁራው ላይ ብቻ። ያ ቀርፋፋ፣ እኔ እንኳ የናቅኩት ቁራ።

መኪናዬን አቆምኩ። አልዘገየም፤ አላየውም ማለት ነው አልኩ። በትንሿ ቲቪና በኪሱ ጌም ላይ ሁሉም ነገር ፊት ለፊቱ ነው። ትልቁ ቲቪ ላይ፣ ያውም ገመዱ አጥሮ አፍንጫው ሥር ተቀምጦ፣ ዓይኑ ድመቷ ወደምትሄድበት ወደ ቀኝ ሲያይ ቁራው የሚወጣበት ግራ ጠርዝ እጅግ ሩቅ ነው። ከዚያ ያቺ ልጇን የያዘች እናት ትዝ አለችኝ፤ የተሰበረው መስተዋትም። ሰዉ ከመሬት የሚበቅለው በየት በኩል ነበር? ወንድሜ በዚያች ደቂቃ በሰው የተሞላ አውቶቡስ ይዞ መንገድ ላይ ነበር።

ማታ ልናገር አልቻልኩም፤ ፈራሁ። የዕረፍት ቀኑ እስኪደርስ ምላሴን ነክሼ ቆየሁ፤ ያ ሁሉ ጊዜ ስልክ በጮኸ ቁጥር መርፌዬን ጥዬ እነሳ ነበር። በዕረፍቱ ቀን ከምሳ በኋላ የብረት ማስመሪያዬን አነሳሁ፤ ቀሚስ የማሰምርበትን ረጅሙን። ጫፉ ላይ ቀይ ቁራጭ ጨርቅ አሰርኩ።

"ወንድም ጋሼ፣ በርጩማህ ላይ ተቀመጥልኝ።"

"ምን ልትሰፊኝ ነው?"

"ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ በሞቴ። ፊት ለፊት ያቺን ማብሪያ ማጥፊያ ተመልከት። ዓይንህን እንዳታነሳ። ቀዩን ጨርቅ ስታየው አየሁ በለኝ።"

ከኋላው ቆሜ በመጀመሪያ በቀኝ በኩል አመጣሁት። ከጠበቅኩት ትንሽ ዘገየ፤ ግን "አየሁ" አለ። ከዚያ ወደ ግራ ዞርኩ። ከጆሮው ጀርባ ጀምሬ ቀስ አድርጌ ገፋሁት። ጆሮውን አለፈ። የዓይኑን ጫፍ አለፈ። ጉንጩን ሊነካው ደረሰ፤ የጨርቁን ጥላ ፊቱ ላይ አየዋለሁ። ወንድሜ ማብሪያ ማጥፊያውን እያየ ፈገግ ብሎ ይጠብቃል።

"በይ ጀምሪ እንጂ!" አለኝ።

አፌን በእጄ ያዝኩ። "ጀምሬያለሁ" አልኩት።

ፊቱን አዞረ። ቀዩ ጨርቅ አፍንጫው ሥር ነበር። ጨርቁን አየ፣ ከዚያ እኔን። ፈገግታው ገና ፊቱ ላይ ነበር፤ ማውረዱን ረስቶት ይመስለኛል።

ከዚያ ተቆጣ። ወንድሜ ሲቆጣ ድምፁ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። መቼ ነው ሐኪም የሆንሽው አለኝ። በየዓመቱ መሥሪያ ቤቱ ዓይኑን ያስመረምረዋል፣ እስከ ታችኛው መስመር ያለውን ፊደል ያነበዋል፣ ወረቀቱ ንጹሕ ነው። ሌላ ምን ይፈለጋል? የነገርኩትን የቁራና የአሸንዳ ነገር ሁሉ አዳመጠኝ፤ በድብቅ እጫወት እንደነበር ስነግረው እንኳ አልሳቀም። "ለማንም እንዳትተነፍሺ" አለኝ። "ይህን ቁልፍ ካወረድኩ እኔ ምንድነኝ? ንገሪኝ እስቲ፣ ምንድነኝ?"

እሱን ያለ አውቶቡስ እኔም አስቤው አላውቅም። ግን ያቺ እናት ከነልጇ ዓይኔ ላይ ቆማ ነበር።

"ነገ መሪ ከጨበጥክ መጥቼ አውቶቡስህ ፊት እቆማለሁ" አልኩት።

ገመዱን ጆይስቲኩ ላይ መጠቅለል ጀመረ፣ ጠቅልሎ ሲጨርስ መልሶ ፈታው። ከዚያ ቀና ሳይል፣

"ከቆምሽ በቀኝ በኩል ቁሚ" አለኝ። "በግራማ አላይሽም።"

ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። ሳቁ ግን ብዙ አልሄደም፤ ሄጄ አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ያ ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም አብሬው።

በማግሥቱ እንደ ወትሮው ጎህ ሳይቀድ ተነሳ። ሸሚዙን ተኮሰ፣ ጫማውን ወለወለ፣ ቁልፉን አንጠለጠለ። ምን እንዳሰበ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም፣ ነጠላ ጫማዬን አድርጌ ተከተልኩት። አትምጪ አላለኝም። ጋራዡ ጋ ስንደርስ አውቶቡሶቹ ሞተራቸው ተነስቶ እየጠበቁ ነበር። በቀጥታ ወደ መኪናው ሲያመራ ፊቱ ልቆም እርምጃዬን አፈጠንኩ። በሩን በመዳፉ ነካ አደረገና አለፈው፤ የስምሪት ክፍሉን በር አንኳኳ።

የስምሪት ኃላፊዋ በዕድሜ ልጁ የምትሆን ሴት ናት፤ ሁለት ስልክ ባንድ ጊዜ ታናግራለች። ሁለቱንም ዘግታ አዳመጠችን። ወንድሜ ምንም ሳይደብቅ ነገራት፤ ድመቷን፣ ቁራውን፣ ማስመሪያውን። ጥግ ላይ ተራውን የሚጠብቅ ሾፌር "አባ ድመት፣ ጌሙ ነው ዓይንህን የመረመረህ?" ብሎ ሳቀ። ኃላፊዋ ግን አልሳቀችም፣ ፋይሉን ገለጠች።

"ጋሼ፣ እዚህ ላይ ዓይንዎ ደህና ነው ይላል።"

"ፊት ለፊት ነዋ የጠየቁኝ። ፊት ለፊቱን አያለሁ።"

"እሺ፣ ሐኪም ቤት እልክዎታለሁ። ግን ዛሬ ሦስት ሾፌር ቀርቶብኛል፤ መስመርዎ ላይ ሰው ተሰልፎ ቆሟል። የዛሬን ብቻ ያውጡልኝ፤ ይህን ሁሉ ዓመት የነዱ ሰው አንድ ቀን ምን ይሆናሉ?"

የፈራሁት ይህንኑ ነበር። ልጅቷ ክፋት የላትም፣ ጨንቋት ነው፤ እሱም ሰው ተሰልፎ ሲባል አይችልም። ቁልፉ ላይ እጁን አሳረፈ። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ ክርኔን በቀስታ ነካኝ።

"ልጄ" አላት፣ "አንድ ሰው አልገጨሁም እያልኩ ስኮራ ነው የኖርኩት። አሁን ሳስበው እነሱ ናቸው እየሸሹ ያተረፉኝ። ዛሬ የማይሸሽ ቢመጣስ?"

ቁልፉን ከቀበቶው ፈትቶ ፋይሉ ላይ አስቀመጠው። ጥግ ያለው ሾፌር ቆቡን አወለቀ። ኃላፊዋ ቁልፉን ሳትነካው የሐኪም ቤቱን ወረቀት ጻፈችልን።

ሐኪሙ ግላኮማ ነው አለ። ሳያም፣ ሳይቀላ፣ ከዳር እየበላ ወደ መሐል የሚመጣ በሽታ ነው፤ ሁለቱንም ዓይን ይዞታል፣ ግራውን አብልጦ። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን ግን በየቀኑ በሚገባ ጠብታ እንጠብቀዋለን አለን። ወንድሜ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ "መንዳትስ?" ሐኪሙ ብዕሩን አስቀምጦ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። "በጊዜ መምጣትዎ ግን ቀሪውን አትርፎልዎታል፤ ብዙ ሰው የሚመጣው አንድ ነገር ከደረሰ በኋላ ነው" አለው። እንዴት እንዳወቅን ሲጠይቀን ወንድሜ ወደ እኔ አመለከተ። "እሷ ቲቪዬ ተሰደበ ብላ ነው" አለው።

ስንወጣ ረፍዷል። የሐኪም ቤቱ በር ላይ ያለው መንገድ ሰፊ ነው፤ መብራት የለውም። መኪናው፣ ሞተር ብስክሌቱ፣ ሰዉ ይተራመሳል። ከወንድሜ መሥሪያ ቤት አንድ አውቶቡስ መጣ፤ የሱ መስመር ነበር፣ መሪው ላይ አንድ ወጣት ተቀምጦ። ወንድሜ በዓይኑ ሸኘው። ከዚያ ጠርዙ ላይ ቆመ፤ አንድ እግሩን ወደ አስፋልቱ አወረደና መልሶ አወጣው።

ልጆች ሆነን ትምህርት ቤት የሚወስደኝ እሱ ነበር። መንገድ ሲያሻግረኝ እጄን አይደለም፣ እንዳላመልጠው አንጓዬን ጥብቅ አድርጎ ነበር የሚይዘኝ። አላምንሽም ማለቱ እየመሰለኝ ስነጫነጭበት አድጌያለሁ። ካደግንም በኋላ፣ ባሌን ከቀበርን በኋላም፣ መንገድ ዳር ስንደርስ ሳያስበው አንጓዬን ይፈልጋል። እኔ እሱን አሻግሬው አላውቅም።

"እቴ" አለኝ።

"ወዬ።"

"ወደ ግራዬ ዙሪልኝ።"

ዞርኩ። አንጓዬን አልያዘም፤ ክንዱን በክንዴ አጥልቆ ያዘኝ፤ እጁ ቀዝቅዞ ነበር።

"አሁን ነው?" አለኝ።

በግራው በኩል አየሁለት። አንድ ሞተር ብስክሌት እየበረረ ይመጣ ነበር። "ቆይ" አልኩት። ቆመ። ሞተሩ አለፈ፣ ንፋሱ ቀሚሴን ገፋው።

"አሁን" አልኩት፣ ተሻገርን።